ለሳይንስ ሶፍትዌር ማን ይከፍላል? ከኢስፓክ እስከ ነምፓይ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በዚህ አዳራሽ ካላችሁት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መካከል በዚህ ሳምንት አንድ ማትሪክስ ለኮምፒውተር ሰጥታችሁ አይገንቫልዩዎቹን ያስወጣችሁ ጥቂት እንደማትሆኑ እገምታለሁ። የድልድይን ንዝረት የሚያጠና መሐንዲስ፣ ብዙ መለኪያ ያለውን የጤና መረጃ ወደ ጥቂት ዋና ዋና ምክንያቶች የሚያጠቃልል የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የሞለኪውልን የኃይል ደረጃ የሚያሰላ ኬሚስት፣ ሁሉም ወደዚሁ ስሌት ይመጣሉ። በፓይተን ቋንቋ ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፤ መልሱም ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ይደርሳል። ዛሬ ልጠይቅ የምሻው ስለ ስሌቱ አይደለም። ከዚያች አንዲት መስመር ጀርባ ሆኖ የሚሠራውን ፕሮግራም ማን ጻፈው? ሲጽፍ ደመወዙን ማን ከፈለው? ከተጻፈስ በኋላ ይህን ሁሉ ዘመን ሳይበላሽ እንዲቆይ ማን ጠበቀው?

የሳይንስን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ቴሌስኮፕ፣ ስለ ማይክሮስኮፕ፣ ስለ ቅንጣት ማፋጠኛ ብዙ ጽፈዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ይታያሉ፤ ሪባን ይቆረጥላቸዋል፤ የለጋሹ ስም በሰሌዳ ላይ ይቀረጽባቸዋል። የሶፍትዌር መሣሪያነት ግን የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ2014 በብሪታንያ በ15 ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ 417 ተመራማሪዎች ተጠይቀው 92 በመቶዎቹ የምርምር ሶፍትዌር እንደሚጠቀሙ፣ 69 በመቶዎቹ ደግሞ ያለ እርሱ ምርምራቸው እንደማይሆንላቸው መልሰዋል። ይህን ያህል የተደገፍንበት ነገር ራሱ በምን ተደግፎ እንደቆመ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። እኔ ከታሪኩ የተረዳሁት፣ ገንዘብ ሰጪ ተቋማት ለሶፍትዌር ሲከፍሉ መኖራቸውን፣ ነገር ግን ለረጅም ዘመን የከፈሉት ሌላ ስም ሰጥተውት መሆኑን ነው። ያ ስም ሥራውን ለማስጀመር በቃ፤ ለማኖር ግን አልበቃም።

ነገሩን ከብሪታንያ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ልጀምር። ጄምስ ዊልኪንሰን በ1946 ወደዚያ የገቡት አለን ቱሪንግ ሊሠሩት ላሰቡት ኮምፒውተር ረዳት ሆነው ነበር። ቱሪንግ ቆይተው ሌላ ቦታ ሲሄዱ ዊልኪንሰን ቀሩ፤ ፓይለት ኤስ የተባለው ማሽንም በ1950 ሥራ ጀመረ። በዚያ ማሽን ላይ እየሠሩ የተረዱት ትልቅ ነገር ቢኖር፣ ኮምፒውተር ቁጥሮችን ቆርጦ ስለሚይዝ በወረቀት ላይ ትክክል የሆነ ዘዴ ሁሉ በማሽን ላይ ትክክል አለመሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የትኛው ዘዴ እንደሚያዋጣ በመለየት ነው። ከክርስቲያን ራይንሽና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በአልጎል ቋንቋ የጻፏቸው ፕሮግራሞች በ1960ዎቹ በአንድ የሒሳብ መጽሔት ላይ ተራ በተራ ወጡ፤ በ1971ም በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ታተሙ። ዊልኪንሰን እስከ ጡረታቸው ድረስ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ነበሩ። በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሶፍትዌሩ ደጋፊ ደመወዝ ነው፤ የሰውየውን ጊዜ የገዛው መንግሥት ሶፍትዌሩንም አብሮ ገዝቶታል። የተለየ የድጋፍ ማመልከቻ፣ የተለየ የበጀት መደብ አላስፈለገም።

ችግሩ የመጣው ሥራው ባሕር ሲሻገር ነው። አልጎል የሒሳብ ሊቃውንት የሚወዱት ቋንቋ ነበር፤ በአሜሪካ ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ግን ፎርትራን ነበር። አንድ ሰው እነዚያን ፕሮግራሞች ወደ ፎርትራን መመለስ፣ ከዚያም የቁጥር አያያዛቸው በሚለያይ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ማሽኖች ላይ አንድ በአንድ መፈተሽ፣ መመሪያ ማዘጋጀትና ማሰራጨት ነበረበት። ይህ ምርምር ነው ወይ? ዘዴው ታውቋል፤ ታትሟልም። የቀረው ትርጉምና ፍተሻ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ደግሞ የተቋቋመው ምርምርን ለመደገፍ ነው። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ ቅኔው አልቋል፤ የቀረው የቁም ጸሐፊው ሥራ ነው። ለቁም ጸሐፊ ደግሞ ፋውንዴሽኑ መደብ አልነበረውም።

በ1970 በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ያሉ ተመራማሪዎች ለፋውንዴሽኑ ያቀረቡት ማመልከቻ በዚህ ረገድ ሊጠና የሚገባው ሰነድ ነው። ፕሮግራም እንጽፍ ዘንድ ገንዘብ ስጡን አላሉም። ጥራት ያለው የሒሳብ ሶፍትዌር ለማምረት፣ ለመፈተሽና ለማሰራጨት የሚያስፈልገውን ዘዴ፣ ወጪና ሀብት እናጥና አሉ። ይህን ለማጥናትም አንድ ናሙና ያስፈልጋል፤ ናሙናው እነዚያ የዊልኪንሰንና የራይንሽ ፕሮግራሞች ይሁኑ። ፋውንዴሽኑና የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ተቀበሉት። የስታንፎርድና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎችም ገቡበት። ፕሮጀክቱ በምሕጻረ ቃል ናትስ ተባለ፤ ከእርሱም ኢስፓክ የተባለው የአይገንቫልዩ ፕሮግራሞች ስብስብ ወጣ።

ይህን ታሪክ እንደ ብልጠት ወይም እንደ ማታለል የሚያዩት አሉ። እኔ እንዲያ አላየውም። አንድን ፕሮግራም በብዙ ዓይነት ማሽኖች ላይ አስተማማኝ ለማድረግ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ በዚያን ጊዜ በውል የተጠና ነገር አልነበረም፤ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦራቶሪዎች የፍተሻ ጣቢያ ሆነው ፕሮግራሞቹን በየማሽናቸው ላይ ሞከሩ። ሲያልቅም ስብስቡ የተረጋገጠ የሚል ማኅተም ይዞ ወጣ። የማኅተሙ ትርጉም በአንዳች የተዘረዘረ ማሽን ላይ ስሕተት ካገኛችሁ ንገሩን፣ እንመለከተዋለን የሚል ቃል ኪዳን ነው። ለዛሬው ንግግሬ ከኢስፓክ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል፤ የምርምር ፕሮጀክት ግን ማብቂያ ቀን አለው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ስልት ተደገመ። ክሊቭ ሞለር፣ ጃክ ዶንጋራ፣ ጄምስ በንችና ፒት ስቱዋርት የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራበትን መንገድ የሚመረምር ፕሮጀክት ለፋውንዴሽኑ አቀረቡ። ሞለር ቆየት ብለው እንደጻፉት፣ ሊንፓክ የተባለው ሶፍትዌር ራሱ በማመልከቻው ላይ የተገለጸው የምርምሩ ተረፈ ምርት ሆኖ ነው። እስቲ ይህን በአውድማ አስቡት። ፍሬው ተረፈ ምርት፣ ገለባው ዋና ምርት ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ የሶፍትዌር አሠራርን በሚመለከት ከሊንፓክ የተገኘውን ግኝት የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ሊንፓክን ግን ዓለም ያውቀዋል። በ1979 የወጣው የተጠቃሚ መመሪያ በአባሪው ላይ በልዩ ልዩ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ የእኩልታ ስብስብ ለመፍታት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበረው። ያ አባሪ አድጎ የዓለምን ፈጣን ኮምፒውተሮች ደረጃ የሚያወጣው ዝርዝር ከ1993 ጀምሮ የሚለካበት መስፈርት ሆነ። ተረፈ ምርቱ የራሱን ተረፈ ምርት ወለደ ማለት ነው።

ነገር ግን አንድን ዘዴ አጥንቻለሁ ካልህ በኋላ ያንኑ ለማጥናት ሁለተኛ ገንዘብ አትጠይቅም። በ1980ዎቹ የኮምፒውተሮች የማስታወሻ አሠራር ሲለወጥ ኢስፓክና ሊንፓክ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ያዘግሙ ጀመር። ሁለቱን አዋሕዶ የሚተካው ላፓክ በ1992 ሲወጣ ድጋፉ የተገኘው የነበረው ይጠገን በሚል አልነበረም፤ ተዋረድ ባለው ማስታወሻ ላይ የሚፈጥን አዲስ አልጎሪዝም ይፈለጋል በሚል ነው። ይህም እውነት ነበር። እዚህ ላይ ግን ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ይታያል፤ ያረጀውን ቤት ለማደስ በቅድሚያ ስለ ቤት አዲስ ጥያቄ መፈልሰፍ ያሻል። መስመራዊ አልጀብራ ዕድለኛ ሆኖ በየዐሥር ዓመቱ አዲስ ጥያቄ አላጣም። ብዙ ሌላ ሶፍትዌር እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረውም፤ የሚሠራ፣ የሚፈለግ፣ ምንም አዲስ ጥያቄ የሌለበት ሆኖ ቀረ።

በመካከሉ ስለ ማትላብ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በእርሱ በኩል ስለሆነ ነው። ሞለር በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸው ፎርትራን ሳይጽፉ ኢስፓክንና ሊንፓክን እንዲጠቀሙ በ1970ዎቹ መጨረሻ አንድ ቀላል ፕሮግራም ጻፉላቸው። ለጠየቃቸውም ይሰጡ ነበር። በ1984 ከጃክ ሊትል ጋር ኩባንያ ተቋቋመና ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ተጽፎ ለገበያ ወጣ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው ውስጠኛው ክፍል ነጻ ሆኖ ቀረ፤ ያማረው ደጅ የሚሸጥ ሆነ። ይህን የማነሣው ኩባንያውን ለመንቀፍ አይደለም። የጥገና ጥያቄን ሙሉ በሙሉ የመለሰው መንገድ ይህ ነው፤ ተጠቃሚው በየዓመቱ ይከፍላል፣ በዚያ ገንዘብ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ሠራተኛውም ስሕተት ያርማል። ጉድለቱ የፈቃዱ ዋጋ በዶላር መሆኑ ላይ ነው፤ በእኛ አገር የዶላር ፈቃድ መግዛት ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም።

ሌላም መንገድ ነበር። በ1979 የብሪታንያ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት የፕሮቲንን ቅርጽ በኤክስሬይ የሚያጠኑ ሰዎች በየላቦራቶሪው በተናጠል የሚጽፏቸውን ፕሮግራሞች የሚያገናኝ አንድ የትብብር ፕሮጀክት አቋቋመ። ስሙ የስሌት ትብብር ፕሮጀክት ቁጥር 4 ነው፤ ባለሙያዎቹ ሲሲፒ ፎር ይሉታል። ከዚህ የደረቀ ስም የቢሮ ሰዎች ብቻ ሊያወጡ እንደሚችሉ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የቢሮ ሰዎቹ ያደረጉትን ልብ በሉ። አዲስ ዘዴ ፈልስፉ አላሉም። በዳርስበሪ ላቦራቶሪ ጥቂት ሰዎችን ቀጥረው የእናንተ ሥራ የሌሎችን ፕሮግራሞች ማሰባሰብ፣ ፋይል ከፋይል እንዲግባባ ማድረግና ማሰራጨት ነው አሏቸው። ተጠቃሚዎቹ በየዓመቱ ተሰብስበው ይማማራሉ። ሶፍትዌሩ ለዩኒቨርሲቲዎች በነጻ ይሰጣል፤ የመድኃኒት ኩባንያዎች ግን ለፈቃድ ይከፍላሉ፣ ክፍያውም ተመልሶ ለሥራው ይውላል። ፕሮጀክቱ ዛሬም አለ። ከዐርባ ዓመት በላይ የቆየ የሶፍትዌር ድጋፍ እንዴት ያለ እንደሆነ ለሚጠይቀኝ በመጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው። ይሁንና ባለ ጠጋ ኢንዱስትሪ በደጁ ያልቆመለት የምርምር ዘርፍ ይህን መንገድ ሊከተል እንደማይችል መዘንጋት የለብንም። የከዋክብት ተመራማሪ ፈቃድ የሚሸጥለት የመድኃኒት ፋብሪካ የለውም።

አሁን ወደዚያች አንዲት መስመር ልመለስ። ፓይተን ሲፈጠር ለሳይንስ ስሌት የታሰበ ቋንቋ አልነበረም። በ1995 ጂም ሁጉኒን ኑሜሪክ የተባለ የቁጥር ድርድር ማስሊያ ጻፉለት። ቆይቶም የሐብል ቴሌስኮፕን ሥራ የሚመራው ተቋም ትላልቅ ምስሎችን ለማስላት ኑምአሬይ የተባለ ሌላ አዘጋጀ። ሁለቱ ስላልተስማሙ ተጠቃሚው ለሁለት ተከፈለ። በ2005 ይህን ክፍፍል ለማስቀረት የተነሡት ትራቪስ ኦሊፋንት በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ረዳት ፕሮፌሰር ነበሩ። ሁለቱን አዋሕደው ነምፓይን ጻፉ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2006 ወጣ። ለዚህ ሥራ የተመደበ የምርምር ድጋፍ አልነበረም። ኮዱን በነጻ ሰጥተው የጻፉለትን መመሪያ መጽሐፍ በመሸጥ ጥቂት ገንዘብ ለማግኘት ሞከሩ። በ2007 ዩኒቨርሲቲውን ለቀው ወደ ኩባንያ ሥራ ገቡ።

እንደዚህ ያለ ሶፍትዌር በደቦ ይሠራል ሲባል እሰማለሁ፤ ንጽጽሩም ደስ ይላል። ነገር ግን ደቦ ባለቤት አለው። ጠላውን የሚጠምቅ፣ ምሳውን የሚያሰናዳ፣ ነገ ደግሞ በተራው ወደ ሌላው ማሳ የሚሄድ ባለ ማሳ አለ። በነምፓይ ማሳ ላይ ያጨዱት ብዙዎች ናቸው፤ ጠላ የጠመቀው ግን ማን ነበር? በብዛት የጠመቁት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከእንቅልፋቸው፣ ከቤተሰብ ጊዜያቸው፣ መታተም ከነበረበት ጽሑፋቸው ቀንሰው። ነምፓይ በስሙ የመጀመሪያውን የድጋፍ ገንዘብ ያገኘው በ2017 ነው። የጎርደንና ቤቲ ሙር ፋውንዴሽን ለበርክሌይ 645,020 ዶላር ሰጠ፤ የአልፍሬድ ስሎን ፋውንዴሽንም ተከትሎ ድምሩ ወደ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሙሉ እትሙ ከወጣ ዐሥራ አንድ ዓመት ማለፉን አስሉ። የስበት ሞገድ መገኘቱ በተበሠረበት ትንተና ውስጥ ነምፓይ ነበረ፤ ያን ጊዜ ግን በስሙ አንድ ዶላር አላገኘም ነበር። በነምፓይ ውስጥ ደግሞ የማትሪክስ ስሌቱን የሚሠራው ላፓክ ነው። ስለዚህ እናንተ በፓይተን አይገንቫልዩ ስትጠይቁ ጥያቄያችሁ ከወጣት በጎ ፈቃደኞች ኮድ አልፎ፣ ከ1970ው ማመልከቻ በተወለደው ዘር በኩል፣ እስከ ዊልኪንሰን ሐሳብ ድረስ ይወርዳል።

ሚያዝያ 10 ቀን 2019 የጥቁር ጉድጓድ የመጀመሪያ ምስል ለዓለም ታየ። ምስሉን ለመሥራት ነምፓይና ማትፕሎትሊብ አገልግለዋል። ማትፕሎትሊብን የጻፉት ጆን ሀንተር የሚባሉ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ሲሆኑ፣ የጻፉትም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕመምተኞች የአንጎል ሞገድ በሥዕል ለማየት ነበር፤ ጥቁር ጉድጓድ በአሳባቸው አልነበረም፤ ምስሉንም ሳያዩ በ2012 ዐረፉ። ምስሉ በታየ በአምስተኛው ቀን ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ይህንኑ የፓይተን ሶፍትዌር ለመደገፍ የቀረበለትን ማመልከቻ በቂ ተጽእኖ የለውም በሚል ውድቅ አደረገ። በ1970 ናትስን የደገፈው ያው ፋውንዴሽን መሆኑን ልብ ይሏል። ታሪኩን በክፋት ወይም በድንቁርና መተርጎም ይቀላል፤ እኔ ግን የሚታየኝ የሥርዓቱ ባሕርይ ነው። ገምጋሚዎች ማመልከቻዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያወዳድሩ አዲስ ነገር አገኛለሁ የሚለው የነበረውን እጠብቃለሁ ከሚለው ይልቅ ያበራል። ጠባቂው ሥራውን በሚገባ ከሠራ ምንም ነገር አይከሰትም፤ ምንም አልተከሰተም ብሎ ደግሞ የውጤት ሪፖርት መጻፍ ያስቸግራል።

ፋውንዴሽኑን በአንድ ቀን ውሳኔ ብቻ መፍረድም ትክክል አይሆንም። በ2010 ሶፍትዌርን እንደ መሠረተ ልማት የሚያይ መርሐ ግብር ጀምሮ ነበር። በጥር 2013 ደግሞ በአመልካቾች አጭር የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የታተሙ ጽሑፎች የሚለውን ርእስ ውጤቶች በሚል ለወጠው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመራማሪ የጻፈውን ሶፍትዌር ከጽሑፎቹ እኩል ሊዘረዝር ቻለ። የአንድ ቃል ለውጥ ናት፤ ግን ከብዙ ሚሊዮን ዶላር ይልቅ እርሷ ትበልጥብኛለች፤ የሶፍትዌር ሥራ እንደ ምሁራዊ ሥራ የሚቆጠርበትን በር ከፍታለችና። በ2018 ለከፍተኛ ኃይል ፊዚክስ ሶፍትዌር የሚሆን ተቋም በአምስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ተፈቀደለት። ከግዙፍ ማሽን ጋር የተሳሰረ ሶፍትዌር ገንዘብ እንደማይቸግረው ይህ ያሳያል።

ብሪታንያ በሌላ በኩል መጣች። በ2010 የምሕንድስናና የፊዚካል ሳይንስ ምርምር ምክር ቤቷ የሶፍትዌር ዘላቂነት ተቋምን መሠረተ። በ2012 በተቋሙ ስብሰባ ላይ የተገናኙ ሰዎች ደግሞ ለሥራው የሙያ ስም ሰጡት፤ የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ። እስከዚያ ድረስ እነዚህ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ተብለው ይቀጠሩና ጽሑፍ ስለሌላቸው ይባረሩ ነበር። ስም የሌለው ሠራተኛ የደመወዝ እርከን የለውም፤ የደመወዝ እርከን የሌለውንም ሠራተኛ ገንዘብ ሰጪ በበጀት ላይ ሊጽፈው አይችልም።

ለጥገና ብቻ ብለው በግልጽ የከፈሉት ግን በአብዛኛው የግል ፋውንዴሽኖች ናቸው። የቻን ዙከርበርግ ኢኒሼቲቭ በ2019 ለሕይወት ሳይንስ አስፈላጊ የሆኑ ነጻ ሶፍትዌሮችን የሚደግፍ መርሐ ግብር ጀምሮ በመጀመሪያው ዙር 42 ፕሮጀክቶችን በ5 ሚሊዮን ዶላር ረዳ። ጥሪው ጥገናን፣ መመሪያ ማዘጋጀትንና የተጠቃሚዎችን ማኅበረሰብ ማገልገልን በስማቸው ጠርቶ ይህ የሚደገፍ ሥራ ነው አለ። ከ1970 ጀምሮ ያለውን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍሬው በመጨረሻ ፍሬ ተብሎ ተጠራ።

ሆኖም የመጀመሪያው ዙር ድጋፍ የአንድ ዓመት ነበር። በአንድ ዓመት ገንዘብ የሚቀጠር ባለሙያ ስድስተኛው ወር ላይ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል። የግል ፋውንዴሽን ደግሞ ለምክር ቤት አይጠየቅም፤ ቦርዱ ትኩረቱን ቢለውጥ ነገ ሌላ ነገር ይደግፋል፤ መብቱም ነው። ስለዚህ የጥገና ገንዘብ ስም ቢያገኝም ዕድሜ ገና አላገኘም። ጥገና በባሕርዩ ዕድሜ ነው። ሶፍትዌር እንደ ብረት አይዝግም፤ ነገር ግን የቆመበት መሬት ይንቀሳቀሳል። የፓይተን ሁለተኛ ትውልድ ጥር 1 ቀን 2020 ድጋፉ ሲቋረጥ በእርሱ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ አንድም ቃሉ ሳይለወጥ አረጀ። ያን ጊዜ ኮዱን ወደ ሦስተኛው ትውልድ ያሻገረ ሰው ያልነበረው ፕሮግራም ዛሬ በማኅደር ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ለሚል ተማሪ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የአማርኛ ቃል በውስጡ ብዙ ነገር ያዝላል፤ ያልተነገረላቸውን የሚለው አንድ ቃል ሥሩን፣ አሉታውን፣ ተደራጊነቱን፣ ለእነማን እንደሆነና ተሳቢነቱን ጠቅልሎ ይዟል። ለኮምፒውተር ይህን የሚፈታ ሆርንሞርፎ የተባለ ሶፍትዌር አለ። አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን የሚተነትን ሲሆን፣ የጻፉት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ናቸው፤ በ2011ም በጥናታዊ ጽሑፍ አስተዋውቀውታል። በአገራችን ቋንቋዎች የኮምፒውተር ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ከእርሱ ተጠቅመዋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በአንድ መምህር ትጋት ላይ ሲቆም ደስታችንና ሥጋታችን እኩል ሊሆን ይገባል። ቋንቋው የእኛ ነው፤ መሣሪያው ነገም እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ጉልበት በጀት የሚያደርግ ግን ከእኛ ወገን ማን ነው?

በየዓመቱ ከማነባቸው የአገር ውስጥ የምርምር ማመልከቻዎች የበጀት ሠንጠረዦች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የውሎ አበል፣ የመጓጓዣ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች ክፍያ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ አንዳንዴም ላፕቶፕ ይገኝባቸዋል። ሶፍትዌር የሚል ረድፍ ቢኖር ለፈቃድ መግዣ ነው፤ ለመጻፍ፣ ለማሻሻል፣ የሌላውን ለመጠገን የሚል ረድፍ አላየሁም። መለዋወጫ ሳይታሰብለት የተገዛ የላቦራቶሪ መሣሪያ በአቧራ ሽፋን ሥር ቆሞ ያየ ሁሉ ውጤቱን መገመት አይከብደውም። ይህን የምለው ገንዘብ ትርፍ አለን ብዬ አይደለም። የ1970ው ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሠንጠረዡ ሶፍትዌርን ስላላወቀላቸው ሌላ ስም ሊሰጡት ተገደዱ፤ እኛ ሠንጠረዡን የምናወጣው ራሳችን ነን። በዚህ አዳራሽ የምርምር ኮሚቴ አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያ ረድፍ ቢጨመር መጠኑ ስንት፣ ዘመኑ ምን ያህል፣ የሚገመግመውስ ማን ሊሆን እንደሚገባ ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄና ለውይይት ትቼዋለሁ።